ያልተቆጠረው የድልድዩ ሳጥን

መምህሩ የተገኘው ከአዳራሹ የእንጨት ደረጃ ግርጌ በጀርባው ተንጋሎ ነው። ዓይኖቹ ተከድነዋል፤ እጆቹ ደረቱ ላይ ተደርበዋል፤ ከራሱ ስር ደግሞ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ጥቁር ኮቱ ታጥፎ እንደ ትራስ ተቀምጧል። ከደረጃ ወድቆ የሞተ ሰው ትራስ አይንተራስም። መርማሪዋ ገና ከበሩ ሳታልፍ ያየችው ይህንን ነበር።

ከዚያ በፊት ግን መኪናው ድልድዩን ሲሻገር ሌላ ነገር አይታለች። በወንዝ ዳር ሰፈር በኩል ሰዎች በቡድን በቡድን ቆመዋል። በዳገቱ ሰፈር በኩልም እንዲሁ። የሚጮህ ሰው የለም፤ እሷን ያስፈራት ዝምታቸው ነው። አንዱ ጎልማሳ እግሩ ስር ያለውን ድንጋይ በጫማው ጫፍ ወዲያና ወዲህ ያንከባልላል። የዳገቶቹ፣ መምህሩ የእነሱ ሰው ነውና፣ ሬሳውን መጀመሪያ የነካው የወንዝ ዳሩ ቁስል አካሚ፣ ድሬሰሩ ነው፣ እሱ ነው የገደለው ይላሉ። የወንዝ ዳሮቹ ደግሞ በራሳችሁ ሰው እጅ ነው የሞተው ይላሉ። የመርማሪዋ ልጅ ነርስነት የምትማረው ወንዙ ማዶ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ወደ ቤት የምትመለሰው በዚሁ ድልድይ ላይ ነው።

መርማሪዋ ክፉ ክፉውን አስቀድማ የምታስብ ሴት ነች። ልጅ ከወለደች ወዲህማ ብሶባታል። ስልክ ሲጮኽ አደጋ፣ በር ሲንኳኳ መርዶ ይመስላታል። ባልደረቦቿ ይስቁባታል፤ ሥራዋን ያሳመረላት ግን ይኸው አመሏ ነው። ሌላው ሰው «አዳልጦት ይሆናል» ብሎ ወደ ምሳው ሲሄድ እሷ ማን ገፋው ብላ ትቀመጣለች።

አዳራሹ አሁን የሰፈር ቤተ መጻሕፍት ነው። ድሮ የምርጫ ጽሕፈት ቤት ነበር፤ እሱም ለአንድ ምርጫ ብቻ። በዚያን ጊዜ ካርታ የሚነድፉት ሰዎች ሁለቱ ሰፈሮች ለየብቻቸው አንድ ወንበር አይሞሉም ብለው በአንድ መስመር ከበቧቸውና «የድልድዩ ምርጫ ክልል» አሏቸው። በውሃ ቧንቧና በገበያ ቦታ ሲነታረኩ የኖሩ ሰፈሮች በአንድ ጀምበር አንድ ሰው ምረጡ ተባሉ። ስላልተማመኑ ለእያንዳንዱ የድምፅ ሳጥን ሁለት ቁልፍ አደረጉለት፤ አንዱን የዳገቱ ሰው፣ ሌላውን የወንዝ ዳሩ ሰው ይይዛል። ያዡ ቁልፉን ለሌላ አሳልፎ እንዳይሰጥ ደግሞ በሕዝብ ፊት ኮቱ ኮሌታ ውስጥ ይሰፋበታል፤ የሚፈታውም በቆጠራው ሰዓት፣ በሕዝብ ፊት ነው። ሁለቱ ወገኖች ተጨቃጭቀው ተጨቃጭቀው የተስማሙበት ነገር ቢኖር ይህ ብቻ ነበር።

ቆጠራው ተናንቆ ሄደ። የመጨረሻው፣ የክሊኒኩ ሳጥን ቀረ። የዳገቱ ቁልፍ ያዥ መምህሩ ነበር። የወንዝ ዳሩ ያዥ ወፍጮ ቤት የሚሠራ ዝምተኛ ሰው ነው። ኮሌታው ሲፈተሽ ስፌቱ እንዳለ ነው፤ ሲፈታ ግን ውስጡ ባዶ ሆነ። ጥለኸዋል ቢሉት አዎ አለ፤ የት ቢሉት መልስ የለውም። ከዚያች ቀን ጀምሮ ስሙ «ቁልፍ በላው» ሆኖ ቀረ። ያን ዕለት ድልድዩ ላይ ድንጋይ ዘነበ፤ የገዛ ልጁ ሞተ። ያለዚያ ሳጥን የዳገቱ ተወዳዳሪ አሸነፈ ተባለ፤ ምርጫ ክልሉ ግን ከጥቂት ወራት በኋላ ተሰረዘ፤ ጥርስ ሳያበቅል ሞተ ብለው የቀለዱ ነበሩ። ሳጥኑን ሰብረን እንክፈተው ቢባል ሁለቱም ወገን አሻፈረኝ አሉ። እንደተቆለፈ ፎቅ ላይ ዕቃ ቤት ተጣለ፤ መምህሩም ደንቡ ከቆጠራ በፊት አይፈታም ይላል እያለ ኮቱን ከነቁልፉ ይዞ አረጀ።

ጡረታ ከወጣ በኋላ የዚያን ምርጫ ክልል ታሪክ መሰብሰብ ሥራው አደረገው። ዛሬ ጠዋት እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ለሁለቱም ሰፈሮች ሊያቀርበው ነበር።

ሬሳውን ያገኘችው የእህቱ ልጅ ናት፤ ቤተ መጻሕፍቱን የምታስተዳድረው እሷ ነች። ዓይኗ አብጦ ድምፅዋ ሰልሏል። ጠዋት በሩን ከፍታ ስትገባ እንዲሁ ተኝቶ እንዳየችው፣ ለዝግጅቱ ቀደም ብሎ ደጅ የቆመውን ድሬሰር ጠርታ እንዳሳየችው፣ እሱም አንገቱን ዳብሶ ራሱን እንደነቀነቀ ተናገረች። ትናንት ከሰዓት ሦስት ሰዎች መጥተው ነበር፤ በዚያ ምርጫ ያሸነፉት ሰውዬ፣ የተሸነፈው ድሬሰርና መጋረጃ የምትሰቅለው ልብስ ሰፊ። እሷ ሥራ ጨርሳ ስትወጣ አጎቷ እንግዳ አለብኝ ብሎ ቀርቷል። ማን እንደሆነ አልነገራትም።

መርማሪዋ ጎንበስ ብላ ኮቱን ከሟቹ ራስ ስር ቀስ አድርጋ አወጣችው። ገበሩ ወደ ውጭ ሆኖ፣ አንዱ ትከሻ ሌላው ትከሻ ውስጥ ገብቶ ነው የታጠፈው። ኮሌታውን ዳበሰች። ለስላሳ ነው፤ የሚጎረብጥ ነገር የለውም።

«ቁልፉ ሁልጊዜ እዚህ ነበር?»

«ትናንት ምሳ ስንበላ እንኳ ዳበሰው» አለች የእህቱ ልጅ። «‹ነገ በሰው ፊት አንቺ ትፈቺልኛለሽ› አለኝ።»

መርማሪዋ ኮሌታውን ወደ መስኮቱ አስጠግታ አየችው። ስፌቱ ድፍን ነው፤ ዓይን ካላስተዋለው አይለይም። ቀጥላ የሟቹን ሸሚዝ እጅጌ አየች። አዝራሩ በነጭ ክር ተጠምጥሞ ተጠምጥሞ እንደ ገመድ ተቋጥሯል።

«ይህንን ማን ሰፋው?»

«ራሱ ነዋ። ሚስት አላገባም፤ ለኔ ስጠኝ ብለው ደግሞ አይሰጥም» አለችና በመሀል ፈገግ ልትል ስትል አለቀሰች።

ፎቅ ዕቃ ቤቱ ውስጥ ሳጥኑ ጠረጴዛ ላይ ተከፍቶ ተቀምጧል። የግራው ጓጉንቸር ላይ የመምህሩ ቁልፍ እንደተሰካ ነው። የቀኙም ተከፍቷል፤ ቁልፍ ግን የለውም። ያልተጫረ፣ ያልተፈለቀቀ፣ በቁልፍ የተከፈተ ነው። ቀዳዳው ዙሪያ ዝገቱን አርሶ የወረደ ቀጭን፣ ቀለም የሌለው ዘይት አለ። ከሳጥኑ አጠገብ የድምፅ ወረቀቶቹ በሁለት ተከምረዋል። ማንበብ የማይችል መራጭ እንዲለይ እያንዳንዱ ተወዳዳሪ ምልክት ነበረው፤ የዳገቱ ሰውዬ ፋኖስ፣ የድሬሰሩ ዣንጥላ። የፋኖሱ ክምር ሳሳ ያለ ነው። የዣንጥላው ግን ወፍራም።

መጀመሪያ ያናገረቻቸው ያሸነፉትን ሰውዬ ነው። ሁለቱም ሰፈር «የተከበሩ» ነው የሚላቸው። ምክር ቤት የተቀመጡት ወንበሩ እስኪሞቅ ድረስ እንኳ አይሆንም፤ መጠሪያውን ግን እስከ ዛሬ አላወለቁትም፤ በሙቀትም በብርድም ክራቫት ያስራሉ። ትናንት መጥተው ከመምህሩ ጋር መጣላታቸውን አልደበቁም። ያንን ሳጥን አትንካው ብለውታል። ለምን ቢባሉ ተቆጡ።

«እኔ በሕግ የተመረጥኩ ሰው ነኝ። ዛሬ ተነስተው ወንበሬን ሊወስዱብኝ ነው?»

«ወንበሩ እኮ የለም፣ የተከበሩ።»

ሰውዬው ክራቫታቸውን አስተካከሉ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ እንዲህ አሉ፤ «እንዳለ ማሰብ ጉዳት የለውም ነበር።»

ድሬሰሩ የሰውነቱን ያህል ትልቅ የቆዳ ሻንጣ ይዞ ነው የሚዞረው፤ ጡረታ ቢወጣም ቁስል የያዘ ሰው ሁሉ እሱን ነው የሚፈልገው። መምህሩ አንገቱ ተሰብሮ ወዲያው እንደሞተ፣ ጠዋት ሲነካው ደርቆ እንደነበር ነገራት። ኮቱን ግን እኔ አላስቀመጥኩም አለ። ትናንት የመጣው መምህሩ ስለጠራው ነው፤ ሳጥኑ ቢከፈት ደስ ይልሃል ወይ ብሎ ጠይቆት ነበር።

«ምን አሉት?»

«በዚያ ሳጥን ሰበብ አንድ ልጅ እጄ ላይ ሞቷል። ፋኖስ ወጣ ዣንጥላ ለኔ ምን ያደርግልኛል አልኩት።»

መርማሪዋ ዓይኗ ሻንጣው ማንጠልጠያ ላይ አረፈ። ተበጥሶ ተሰፍቷል፤ እያንዳንዱ ስፌት ለብቻው ተቋጥሮ ለብቻው ተቆርጧል። ድሬሰሩ አየት አደረጋትና፣ «ቁስል የለመደ እጅ ነው፤ ሻንጣውም እስኪድን እየጠበቅኩ ነው» አለ። እሷም ሳትፈልግ ሳቅ አመለጣት።

ልብስ ሰፊዋ ራሷ ከሰቀለችው መጋረጃ ስር ወንበር ይዛ ተቀምጣለች። የቁልፍ በላው ሚስት ነበረች፤ ባሏ ከሞተ ቆይቷል። ድልድዩ ላይ የሞተው ልጅ እናት ናት። ወንዝ ዳር ሰፈር ባሏን በሕይወቱ ሰላም ብሎት አያውቅም፤ ለእሷ ግን ብድግ ብሎ ወንበር ይለቅላታል። ምርጫው በደረሰ ጊዜ ለሁለቱም ወገን ቁልፉን ኮሌታ ውስጥ የሰፋችው እሷ ነበረች፤ ከእሷ ሌላ ሁለቱም ሰፈር የሚያምኗት ሰፊ አልነበረችም። ትናንት መጋረጃውን ሰቅላ ቶሎ ሄደች፤ እንደዚያ ነው የምትለው።

«አልተሰቃየም አይደል፣ ልጄ?» ብላ ጠየቀች።

«ወዲያው ነው የሞቱት ይላል ድሬሰሩ።»

«ተመስገን» አለች፤ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ መጋረጃውን ቀና ብላ አየችው።

ከውጭ ድምፅ ተሰማ። አንድ ሰው ጮኸ፤ ሌላው መለሰለት። መርማሪዋ በመስኮት ብትመለከት ቡድኖቹ ወደ ድልድዩ መሀል ቀርበዋል። ልጇ ሻንጣዋን ይዛ በመሀላቸው ስታልፍ ታያት፤ ያልሆነው ሁሉ እንደሆነ ሆኖ ታያት። ነገ የሚባል ነገር እንደሌለ ገባት። አራቱንም ወደ አዳራሹ ጠራቻቸው፤ ከየሰፈሩ ደግሞ ሁለት ሁለት ሽማግሌዎች እንዲገቡ አስደረገች። ኮቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

«መምህሩ አልወደቁም፤ ተገፍተዋል» ብላ ጀመረች። «የገፋቸው ሰው ግን አልጠላቸውም። ዓይናቸውን ከድኗል፣ እጃቸውን ሰብስቧል፣ ራሳቸውን አስደግፏል። ስለዚህ የጠብ ነገር አይደለም።»

የተከበሩና ድሬሰሩ ተያዩ።

ቀጥላ ሳጥኑን አነሳች። ሳጥኑ የሚከፈተው በሁለት ቁልፍ ነው፤ አንዱ የመምህሩ፣ ሌላው ጠፋ የተባለው። የቀኙ ጓጉንቸር ያለ አንዳች ጭረት ተከፍቷል። እንግዲያው ያ ቁልፍ አልጠፋም ነበር። ወንዝም አልወሰደው፤ ማንም አልበላው። ሰው ቤት ውስጥ፣ ዘይት እየተቀባ፣ እንዳይዝግ ተጠብቆ ኖሯል። ይህን ስትል ከወንዝ ዳር ሽማግሌዎች አንዱ አንገቱን ደፋ።

«አሁን ኮሌታውን እዩልኝ» አለች። «ትናንት ምሳ ሰዓት ቁልፉ እዚህ ውስጥ ነበር። ዛሬ ፎቅ ላይ ሳጥኑ ላይ ተሰክቷል። ኮሌታው ግን ዝግ ነው። ትናንት ማታ ሳጥኑን ለመክፈት የፈታው ሰው መልሶ ሰፍቶታል። ይህን ማን ያደርጋል? የቸኮለ ሰው አያደርገውም፤ ሊገድል የመጣ ሰው አያደርገውም። ኮሌታው ሲሰፋ ገና ማንም ማንንም ሊጎዳ አላሰበም ነበር።»

መምህሩ ራሱ አልሰፋውም፤ የእሱን ስፌት ሸሚዙ ላይ አይታለች። ድሬሰሩም አይደለም፤ እሱ ሲሰፋ እያንዳንዱን ለብቻው ይቋጥራል፤ ይኼኛው ግን አንድ ክር ሆኖ በገበሩ ስር ገብቶ የወጣ ነው፤ ቋጠሮው የት እንዳለ አይታወቅም። የተከበሩ መርፌ በየትኛው ጫፍ እንደሚያዝ ያውቁ እንደሆነ ስትጠይቃቸው እሳቸውም አላውቅም አሉ። የእህቱ ልጅ ብትችል እንኳ ሁለተኛውን ቁልፍ ከየት ታመጣለች? ኮቱም የታጠፈው ሰፊዎች ያለቀ ሥራ እንደሚያጥፉት፣ ገበሩ ወደ ውጭ ሆኖ ነው። ጓጉንቸሩ ላይ ያለው ዘይት ደግሞ የስፌት መኪና ዘይት ነው፤ መርማሪዋም መኪናው ቤቷ ስላላት ታውቀዋለች።

ማንም ሰው ወደ መጋረጃው አልዞረም።

«እኔን የከበደኝ ይሄ አይደለም» አለች መርማሪዋ፤ ድምፅዋ ወረደ። «የድሮው ነው። የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ኮሌታ በቆጠራው ቀን ስፌቱ ሳይነካ ባዶ ሆኖ ተገኘ። ሰው ሁሉ ሰውዬው አታሏል አለ። ሰውዬው ግን ያን ዕለት ኮሌታው ሲፈታ ማን እንደነካው ወዲያው ገብቶታል። ፈትቶ እንደነበረ አድርጎ መልሶ መስፋት የሚችል እጅ በሁለቱ ሰፈር አንድ ነው። ቤቱ ነው ያለው። እስኪሞት ድረስ አልተናገረም።»

ልብስ ሰፊዋ አልካደችም። አልጮኸችምም። ቀስ ብላ ከቀሚሷ ኪስ ትንሽ ቁልፍ አውጥታ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው።

ልጇ በዚያን ጊዜ እሳት የላሰ ነበር። ዣንጥላ ከተሸነፈ ድልድዩን ዘግቼ ማንንም አላሳልፍም ብሎ ነበር፤ እሷም ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰዳትም። ሳጥኑ ካልተከፈተ የተሸነፈ አይኖርም፣ ሰዉም ነገ ይቆጠር ብሎ ይበተናል ብላ አሰበች። ባሏ እንደተኛ ኮሌታውን ፈትታ ቁልፉን አወጣች፤ እንደነበረ አድርጋ ሰፋችው። በማግስቱ ሰዎች ባሏን ቁልፍ በላ ሲሉት ልጇ ከቤት ወጣ። አባቴ ሌባ አይደለም ለማለት ነበር የወጣው።

«ቤት እንዲቀመጥልኝ ብዬ ነው» አለች። «ሌላ ምንም አልፈለግኩም።»

መምህሩ ስፌቱ ሲገርመው ኖሮ በመጨረሻ ደርሶበታል። መጋረጃ ሲያዛት ቀስ ብሎ ቁልፉን አምጪው አላት፤ እሷም የዚያን ሁሉ ዘመን ሸክም ለአንድ ሰው እንኳ ላውርደው ብላ ማታ አመጣችው። ከሰው በፊት እኛ እንየው ቢላት ኮሌታውን ፈታችለት፤ አብረው ከፈቱ፤ አብረው ቆጠሩ። እሱ እንደገና ሲቆጥር እሷ ኮሌታውን ሰፋች። ለምን እንደሰፋችው ድሬሰሩ ጠየቃት።

«ክፍት ትቼ መሄድ አልችልም። እጄ ነው።»

ከዚያ መምህሩ ዣንጥላ በብዙ አሸንፎ ነበር አላት። ደስ የሚላት መስሎት ነው፤ ነገ የባልሽን ስም በሁለቱ ሰፈር ፊት አነጻዋለሁ አላት። ተው ብላ ለመነችው። ልጇን የገደለች እናት ሊሉኝ ነው፣ ሌላ የቀረኝ ነገር የለም አለችው። እሱም፣ ያ ሰው ያለ ጥፋቱ ተቀበረ እኮ፣ እስከመቼ ብሎ ኮቱን ክንዱ ላይ ጥሎ ሊወርድ ወደ ደረጃው አመራ።

«ያዝኩት» አለች። «ከዚያ ገፋሁት። ሁለቱም የኔ እጅ ነው።»

የመምህሩ የእህት ልጅ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። የተከበሩ ክራቫታቸውን ሳያስተካክሉ ወደ ድሬሰሩ ዞረው፣ «እንግዲያው ያንተ ነበር» አሉት። ድሬሰሩ ሻንጣውን ወደ ጉልበቱ አስጠጋ። የሰፊዋ ልጅ እጁ ላይ ሲሞት ምን እንዳለው ማንም ጠይቆት አያውቅም ነበር፤ ዛሬም የሚጠይቀው አልተገኘም።

መርማሪዋ ወረቀት አውጥታ የሰፊዋን ቃል መጻፍ ነበረባት። ዓይኗ ግን ኮቱ ላይ ቀረ። ያን ሌሊት እሷ ብትሆን፣ ልጇ ለነገው ጠብ ጥርሷን ነክሳ ብትተኛ፣ ያ ኮት ወንበር ላይ ተንጠልጥሎ ብታየው፣ ትፈታው ነበር። እንደ ሴትዮዋ አሳምራ መስፋት አትችልም እንጂ ትፈታው ነበር።

«ስለ እኔ የፈለግሽውን በያቸው» አለቻት ሰፊዋ። «እሱ ግን እንዳልጣለው ንገሪልኝ።»

መርማሪዋ የአዳራሹ ደጅ ደረጃ ላይ ወጥታ ቆመች። ሽማግሌዎቹ ከኋላዋ ቆሙ። ለሁለቱም ወገን ያንኑ ነገር፣ ሳትጨምር ሳትቀንስ ነገረቻቸው፤ መምህሩን ከዳገቱ ወይም ከወንዝ ዳር የተነሳ ጠብ እንዳልገደለው፣ ያ የወፍጮ ቤት ሰው ቁልፍ እንዳልበላ፣ እንዳልሸጠም፣ የሚስቱን ጥፋት ይዞ እንደተቀበረ። ንግግሯን ስትጨርስ ከወንዝ ዳር አንድ ሽማግሌ ባርኔጣውን አውልቆ መሬቱን እያየ ወደ ቤቱ አቀና። ሌሎች ተከተሉት። የዳገቶቹም ተራ በተራ ዞሩ። ድልድዩ መሀል ላይ ማንም ሳይቀር ባዶ ሆነ።

ፖሊስ ጣቢያው ወንዙ ማዶ ነው። ሰፊዋን መኪናው ውስጥ ከጎኗ አስቀመጠቻት። ሹፌሩ ሞተሩን አስነስቶ ወደ ድልድዩ ሲያዞር ሴትዮዋ የበሩን እጀታ ጨብጣ ወደ ኋላ አፈገፈገች። ልጇ ከሞተ ወዲህ እግሯ ያንን ድልድይ ረግጦት አያውቅም፤ ትናንትም ዛሬም በታችኛው መሻገሪያ ዞራ ነበር የመጣችው።

«አቁም» አለች መርማሪዋ።

በመስታወቱ ውስጥ የመጨረሻዎቹ ሰዎች እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ሲበተኑ ይታያል። ሰፊዋ እስኪሰወሩ ድረስ ዓይኗን አልነቀለችም።

«ይኸው ሄዱ» አለች። ቀጥላም፣ ለራሷ ይሁን ለመርማሪዋ ሳይለይ፣ «ያኔም ብናገር እንዲህ ይሄዱ ነበር?» አለች።

መርማሪዋ ትከሻዋን ወደ ሴትዮዋ አስጠጋችና ሹፌሩን ዙሪያውን፣ በታችኛው መንገድ ሂድ አለችው። ሹፌሩ መንገዱ ሩቅ ነው፣ ጉድጓዱም አያሳልፍም ብሎ አጉረመረመ። ግድ የለም አለችው። መኪናው ዞረ፤ ሁለቱ ሴቶች ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ድልድዩን ከኋላቸው ትተው፣ አቧራማውን መንገድ ቁልቁል ያዙት።